ስመ ብዙዋ ነፍጥ

በጎሽ ውኃ አገር አንድ አባባል አለ። ሌላው ተረትና ምሳሌ በጨዋታ መሀል ጠላ እየተቀዳ ይባላል፤ ይኼኛው ግን ጥርስ ተነክሶ ነው የሚባል። እንግዳ ሰው ሰምቶ «ይኼ ምኑ ያስቆጣል?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፣ የጎሽ ውኃ ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት «መጀመሪያ ቁጭ በል» ይለዋል። ነገሩ የመጣው ከአንዲት ነፍጥና ከሁለት በሬዎች ነው። በሬዎቹ የሽታዬ ነበሩ። ነፍጧ የአገሩ ሁሉ ነበረች፤ ማለት የማንም አልነበረችም።

ሽታዬ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ ትቶላት የሄደው አንድ ጥማድ መሬትና ወይኖና ዳልቻ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነው። ምላሷን ግን ከማንም አልወረሰችውም፤ ይዛው የመጣችው ነው።

ጎሽ ውኃ ያለችው ቆላው አፋፍ ላይ ነው። በዚያ ዓመት አንድ አንበሳ ከቆላ ወጥቶ የደጋ ከብት ለመደ። ወንዶቹ ጦርና ጋሻ ይዘው ሁለት ጊዜ ወጡበት፤ ሁለቱንም ጊዜ እየተከራከሩ ተመለሱ፤ ማን ቀድሞ እንደ ሸሸ። ከዚያ በኋላ ሰዉ አንበሳውን በስሙ መጥራት ተወ። «እሱ» ይሉታል። «ትናንት እሱ መጥቶ ነበር»፣ «እሱ የእነ እገሌን ጊደር ወሰደ» ይባላል፤ የሰማው ሁሉ ያማትባል።

በዚህ መሀል አሞሌ ጨው የጫነ አንድ ነጋዴ ከታች አገር መጥቶ አደረ። ከጭነቱ ጋር በቆዳ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ነበረው። ነገሩን ፈታና ቅል ከዛፍ ላይ አንጠለጠለ፤ በረጅሙ ነገር አፍ ባሩድ ጨመረ፣ የእርሳስ አረር አስከተለ፣ በዘንግ ጠቀጠቀ፤ ከጫፉ የሚጤስ ክር ሰካ፤ ቃታውን ሳበ። ቅሉ ጠፋ። የጎሽ ውኃም ሰው ጠፋ፤ ሁሉም መሬት ላይ ተደፍቶ ነበርና። መሪጌታው ጥላቸውን ጥለው ቤተ ክርስቲያኑን አልፈው ነው የተገኙት።

ጭሱ ሲገፈፍ ሰዉ ተነሥቶ ዋጋ ጠየቀ። ነጋዴው አራት የእርሻ በሬ አለ፤ ለመንገድ ስንቅ ደግሞ በግና ማር።

አገሩ ተሰበሰበ። ጭቃ ሹም አምዴ አገር የሚያስተዳድር ሰው ነውና ቀድሞ በሬ ሰጠ፤ አንድ ዓይኑ የፈሰሰና ሣር በቅጡ የማያኝክ ሽማግሌ በሬ ነበር። ሁለቱን ከሁለት ጭምት ሰዎች ወሰደ። አራተኛው ሲጎድል ዞር ዞር አለና ዓይኑ ሴት ላይ አረፈ።

«የሽታዬ ዳልቻ ይሁን» አለ።

«ምነው የኔ?» አለች ሽታዬ።

«ባል የለሽ፣ ጦር አትወረውሪ። አገር ሲያዋጣ በበሬሽ ካላዋጣሽ በምን ልታዋጪ ነው?»

«ጭቃ ሹም፣ በአንድ በሬ የሚታረስበት አገር ያውቃሉ?»

«ጎረቤትሽ ይርዳውም ያለው አንድ በሬ፣ ቡሬ ብቻ ነው። ከሱ ጋር ተቀናጂ፤ ተራ በተራ ትጠምዳላችሁ። ወይኖን እንደሆነ ነፍጧ ትጠብቅልሻለች።»

«ወይኖን የምትጠብቅ ከሆነች ዳልቻንም አብራ ብትጠብቀው ምን ነበረበት?»

ጭቃ ሹም አምዴ ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ስለ ማር ጠየቀ። ዳልቻ ከነጋዴው አህዮች ኋላ ተነዳ። ወደ ኋላም አልዞረም። ከበረት ሆኖ ሦስት ቀን የጮኸው ወይኖ ነው።

ነፍጧ ለጓንጉል ተሰጠች። ጓንጉል በወጣትነቱ ከአንድ መኮንን ሠፈር ኖሮ የመጣ ሰው ነው። ራሱ «ነፍጠኛ ነበርኩ» ይላል። አብረውት የነበሩ ግን የወጥ ቤቱን አህያ ይነዳ እንደነበር ያውቃሉ፤ አህያዋ ባሩድ ትጫን ስለነበር ሁለቱም እውነት ነው ማለት ይቻላል። ጓንጉል ነፍጧን ከተረከበ በኋላ የመጀመሪያው ሥራው አንበሳ ፍለጋ መውጣት አልነበረም። አገሩን እንደገና ሰበሰበ።

«ስም ያስፈልጋታል» አለ። «ፈረስ እንኳ ‹አባ እገሌ› ተብሎ ስም ይወጣለታል። በጌታዬ ሠፈር ነፍጥ ስሟ ሳይጠራ፣ ሳትሞገስ አትተኮስም። ደፍሮ ዝም ብሎ የተኮሰባት እንደሆነ ተዋርዳለችና ወደ ኋላ ትፈነዳለች። የፈነዳችበት ሰው ዓይቻለሁ። ማለት፣ የቀረውን።»

ይኼን የሰማ ማን ይከራከራል? ስም ማውጣት ተጀመረ። እስከዚያ ድረስ ነገሩን አንዱ «ብረቱ»፣ አንዱ «ዘነዘናው»፣ አንዷ ባልቴት «ያ የሚተፋው» እያለ ነበር የሚጠራው። አሁን በሬ የሰጠ ሁሉ ስም አወጣ። በሬ የሰጠ ካወጣ በግ የሰጠው ለምን ይቀራል? ማር የሰጠውስ? ጭቃ ሹም «አገር አንቀጥቅጥ» አላት። መሪጌታው ሁለት ዋንጫ ማር ሰጥተው ነበርና «በትረ ሙሴ» አሏት። አንዱ «ሆደ ነጎድጓድ»፣ አንዱ «አፈ እሳት»፣ አንዱ ደግሞ «ሳትጠራ የማትቀር» አለ። ጓንጉል ምንም አልሰጠም፤ ተሸካሚዋ ነኝ ብሎ «የጓንጉል ሙሽራ» የሚል ጨመረ። እያንዳንዱ ስም ለብቻው ራቁቱን አይቆምም ተብሎም ከፊትና ከኋላው ግጥም ተገጠመለት።

ተራው ሽታዬ ጋ ደረሰ።

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ዳልቻ።»

ሰዉ አጉረመረመ። «የበሬ ስም ለነፍጥ? ነውር ነው!» አለ ጓንጉል።

«በበሬ አይደል እንዴ የተገዛች?»

«ሌላ አውጪ።»

«ሌላ የሰጠሁት የለኝም።»

ስለዚህ የሽታዬ ስም ብቻ ከሙገሳው ቀረ። እሷ ግን አልተወችውም። ጠዋት ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ በጓንጉል ደጅ ታልፋለች። ጓንጉል ነፍጧን ደጃፉ ላይ አጋድሞ ሰደፏን በቅቤ ይወለውላል። ሽታዬ እንስራዋን ሳታወርድ ቆም ትልና ነፍጧን እጅ ትነሣለች።

«ዳልቻ፣ እንደምን አደርክ? ዛሬም አላረስክም?»

ጓንጉል ይቆጣል። ነገር ግን ሴቲቱ ሰላምታ እንጂ ስድብ አልተናገረችምና ከስሶ አይረታትም።

ሰንበት ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ጓንጉል ሙገሳውን ከላይ እስከ ታች ያወርደዋል። ሰዉ ይሰማል። እያንዳንዱ ያወጣት ስም እስክትጠራ ድረስ አንገቱን አስግጎ ይጠብቅና፣ ስትጠራ «በለው!» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። መተኮስ የለም፤ ባሩድ ውድ ነው። እሱ የተባለው አውሬ በዚያ ወር የአንዱን በግ ሰጪ ላም ወሰደ። ስም ያልወጣለት ይበላል፤ ስመ ብዙዋ ትወለወላለች።

ሽታዬ ይኼን ሁሉ ታያለች። ከይርዳው ጋር ተቀናጅታለች፤ ወይኖና ቡሬ አንድ ቀን የእሷን፣ አንድ ቀን የእሱን ያርሳሉ። ወይኖ እስካለ ድረስ ግማሽ ገበሬ ናት። ወይኖ የሌለ ዕለት ግን መሬቷን ለሌላ ሰጥታ፣ በገዛ አውድማዋ ቆማ «ለኔስ አልተረፈም?» የምትል ሴት ልትሆን ነው። ይኼን ሌሊትም ቀንም ታውቀዋለች።

አንድ ቀን ጓንጉል በእግሩ ቤቷ መጣ።

«እትዬ ሽታዬ፣ አገር ያመሰገነው ፈታይ አንቺ ነሽ አሉ። ነጋዴው የሰጠን ክር ሊያልቅ ነው።»

«የምን ክር?»

«እሳቱን የሚይዝ። እሱ ካልነደደ ባሩዱ አይቀጣጠል። ወፍራም የጥጥ ክር ጠንክሮ የተገመደ።»

ሽታዬ ለጓንጉል ብላ እንዝርት አታነሣም ነበር። ወይኖ ትዝ አላትና አነሣች። ከራሷ ጥጥ ፈትላ፣ ገምዳ፣ የበሬ ማሰሪያ የሚያህል ረጅም ክር ሰጠችው። ጓንጉል ባሩድ በተበጠበጠበት ውኃ ነክሮ አደረቀውና እንደ ማተብ አንገቱ ላይ ጠመጠመው። በማግሥቱ ስታልፍ ክሩን በጣቱ እየለካ፣ በጣት ልክ እየቆረጠ አገኘችው።

«ምን ልትሆን ታሳጥረዋለህ? አስረዝሜ ሰጥቼህ!»

«ቁጠባ ነው፤ ለአንድ ተኩስ የጣት ያህል ይበቃል። ባሩድ የጠጣ ክር ደግሞ ይፈጥናል። አንቺ ይኼን አታውቂውም። ነፍጠኛ ክሩን አያባክንም።»

«አፉንስ?» ብላው አለፈች።

የተፈራው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጣ። ይርዳው የሽታዬን መሬት ሲያርስ ውሎ በሬዎቹን ፈትቶ ወንዙ ዳር ለቀቃቸው። ሽታዬ ከማሳው ዳር አረም ትነቅላለች። ቄጠማው ተነቃነቀ። ነፋስ አልነበረም።

«እሱ! እሱ!» አለ ይርዳው።

ቡሬ ጅራቱን ሰቅሎ ሮጠ። ወይኖ ቀኑን ሙሉ ቀንበር የዋለ ነውና ዘገየ፤ ከወንዙና ከቄጠማው መሀል ተወሸቀ። አንበሳው ወጣ። አልቸኮለም። ተኝቶ እንደሚነሣ ሽማግሌ ጀርባውን ዘርግቶ፣ ወይኖን አይቶ፣ ሆዱን መሬት አስነካ።

ጩኸቱ ከመንደሩ ደረሰ። ሰው አፋፉ ላይ ተሰለፈ። ጓንጉል ነፍጧን ይዞ እየሮጠ ወረደ፤ ወረደ ማለት ያሻል፣ ፈሪ አልነበረም። ድንጋይ ቢወረወር አንበሳው ዘንድ ከሚደርስበት ቦታ ቆመ። ባላውን ተከለ፤ ነፍጧን ባላው ላይ አስደገፈ። ባሩዷም አረሯም አስቀድሞ ተጠቅጥቋል። ይርዳው ማሳው ዳር ካነደደው የኩበት እሳት ክሩን ለኮሰና ከቦታው ሰካው። ክሩ ቀይ ዓይኑን ከፈተ፤ ጤሰ። ሽታዬ አረሙን ከእጇ ጥላ «ወይኖዬ ዳነ!» አለች።

ጓንጉል ቀጥ ብሎ ቆመ። ደረቱን ነፋ።

«አፈ እሳት ሆደ ነጎድጓድ!
እናቷ ብረት አባቷ ባሩድ!
የቆላ መብረቅ የደጋ ውርጭ፣
ስሟን ሲሰማ ጠላቷ ፈርጣጭ!»

«በለው!» አለ አፋፉ።

አንበሳው ጆሮውን ወደ ድምፁ አዞረ። ምን እንደሚባል የሚያዳምጥ ይመስል ነበር።

«ተኩስ!» አለች ሽታዬ።

«በትረ ሙሴ፣ ባሕር ከፋይ! ተራራ ናጅ፣ ገደል አሳይ!»

«አያ ጓንጉል፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ተኩስ!»

ጓንጉል ፊቱን ሳያዞር፣ ከጥርሱ መሀል፣ «ዝም በይ! ካቋረጥሽኝ ከመጀመሪያው ነው የምነሣ!» አለና ቀጠለ። «አገር አንቀጥቅጥ፣ የአምዴ ኩራት…»

«በለው!» አለ ጭቃ ሹም አምዴ ከላይ፤ ብቻውን።

አንበሳው ሰልችቶት ይሁን ርቦት አይታወቅም፣ ተወረወረ። ጓንጉል በዚያን ጊዜ ቃታውን ሳበ። ክሩ ነጭ አመድ ሆኖ ከባሩዱ ላይ ረገፈ። ሌላ ነገር አልሆነም። ወይኖ አንድ ጊዜ አጓራ፤ ከዚያ በኋላ የተሰማው የቄጠማው መሰባበር ብቻ ነው።

ሽታዬ ድንጋይ እየወረወረች ቄጠማው ውስጥ ልትገባ ስትል ይርዳው በመቀነቷ ጎትቶ ጣላት። መሬት ላይ ሆና አላለቀሰችም። ጓንጉልን ታየው ነበር። ጓንጉል ቆሞ የነፍጧን አፈሙዝ በነጠላው ጫፍ ይጠርጋል።

በማግሥቱ ዋርካው ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። ዳኛው አባ ዳምጤ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ክርክር ሲረዝም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ተኝተዋል ሲባል ነው የሚፈርዱ። የትኛውም ስም የእሳቸው አልነበረም፤ ለነፍጧ ያዋጡት ነገር የለምና።

ሽታዬ ተነሣች። «አንዱን በሬዬን ሌላው ይጠበቅልሻል ብለው ወሰዱብኝ። ሌላውን ይኼ ሰው ቆሞ አስበላብኝ። እሳቱ በእጁ፣ አውሬው በፊቱ ነበር። አውሬው እንኳ ጊዜ ሰጥቶታል! ፍርድ ስጡኝ።»

ጓንጉል ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ። ሌሊቱን ሲያስብበት ያደረ ነገር ነበረው።

«እኔ አልሸሸሁም፤ ሁላችሁም አይታችኋል። ነፍጧም አልከዳችኝም። የከዳኝ ክሩ ነው። ክሩ ደግሞ ከማን እጅ ወጣ? ከዚህች ከከሳሼ እጅ! የፈተለችው ልፍስፍስ ክር መንገድ ላይ ሞተብኝ። በሬዋን ያስበላው የገዛ እንዝርቷ ነው።»

ከሸንጎው አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ለሁሉም ይመቻል። ክሩ ጥፋተኛ ከሆነ የማንም ስም አይነካም።

ሽታዬ ቀስ ብላ ሄደችና ከጓንጉል አንገት የተረፈውን ክር መዘዘች።

«ጣትህን ዘርጋ» አለችው።

«ለምን?»

«በሱ አይደል የምትለካ? ዘርጋ!»

ጓንጉል ዳኛውን አየ። አባ ዳምጤ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ «ዘርጋላት» አሉ። ሽታዬ በጣቱ ልክ ለክታ፣ በጥርሷ በጠሰችው። ከሸንጎው ጥግ ከሚጤሰው እሳት ለኮሰችና ለአባ ዳምጤ በድንጋይ ላይ አድርጋ ሰጠቻቸው።

«አንበሳው እኔ ነኝ» አለች። «አሞግስ።»

«እንዴት?»

«ትናንት እንዳሞገስከው። አሞግስና ስትጨርስ ተኩስ። ክሬ ልፍስፍስ ከሆነ ይታያል።»

ክሩ ይጤሳል። ጓንጉል መፍጠን እንዳለበት ገብቶት «አፈ እሳት ሆደ ነጎድጓድ እናቷ ብረት አባቷ ባሩድ» ብሎ እንደ ዳዊት ደጋሚ አነበነበው። ሰዉ አፉ ለምዷልና «በለው!» አለ፤ ወዲያው ደነገጠና አፉን ያዘ። ጓንጉል የቆላውን መብረቅ አለፈ፤ በትረ ሙሴንም አለፈ። ከዚያ ክሩን በዓይኑ ጫፍ አየና አንድ ቤት ዘልሎ «ሳትጠራ የማትቀር» አለ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ጭቃ ሹም አምዴ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «‹አገር አንቀጥቅጥ› የት ሄደ?»

«ጭቃ ሹም፣ ጊዜው…»

«በሬ የሰጠሁ ሰው ነኝ! መልሰህ አምጣው!»

ጓንጉል መለሰው። መልሶ ሲያበቃ በግ የሰጡት ተነሡ፤ ለጭቃ ሹም የተመለሰ ለኛ ምነው ተጣደፈ አሉ። መሪጌታውም «የኔን ደግሞ ከነዜማው አላልከውም» አሉ። ጓንጉል ላቡ በግንባሩ እየወረደ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይላል። ሽታዬ ፊት ለፊቱ ቆማ ዓይኗን አልነቀለችም። አንበሳው እንኳ እንዲህ አላየውም ነበር።

ክሩ ድንጋዩ ላይ መጨረሻውን ቀይ ነጥብ አሳየ። ጠፋ። አመዱ የጣት ቅርጽ እንደያዘ ቀረ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነዶ ነበር፤ መንገድ ላይ የሞተ የለም።

«ገና ነው!» አለ ጓንጉል። «ዋናው ስም ገና ነው!»

አባ ዳምጤ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጓንጉል፣ በረትህ ያለው ቀይ በሬ ለሽታዬ ይፈታ። ጭቃ ሹም አምዴ፣ ከበሬዎችህ አንዱ ይፈታ፤ ዓይኑ የፈሰሰ አይደለም፣ ደህናው። አውሬው ፊት ‹በለው› ያልክ፣ ዛሬም ‹መልሰው› ያልክ አንተ ነህ። ሌሎቻችሁም ከሣቃችሁ በቀንበሯ ትጠመዳላችሁ።»

ማንም አልሣቀም። ሽታዬም አላመሰገነችም። «በሬስ ተሰጠኝ» አለች፤ «ወይኖንና ዳልቻን ማን ይፈታልኛል?» ብላ ጠየቀች። መልስም ሳትጠብቅ፣ ከዛፉ ግንድ የተደገፈችውን ነፍጥ በእግሯ ገፍታ ጣለቻትና ቀዩን በሬ ልትፈታ ሄደች።

ጓንጉል ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። ወደ ዳኛው ቀርቦ፣ ከልቡ አዝኖ ተናገረ። «አባ ዳምጤ፣ እስቲ ምን አጠፋሁ? ባሩዱ ደረቅ፣ ነፍጧ ሙሉ፣ እኔም ከቦታዬ አልተነቃነቅሁ። ምን ጎደለኝ?»

አባ ዳምጤ ድንጋዩን አንሥተው አመዱን በፊቱ ላይ እፍ አሉና፣ ጥርሳቸውን ነክሰው እንዲህ አሉት፦ «ሙገሳው ሳያልቅ ክሩ አለቀ።»